ማሙሽን ያጣንበት ቢሮ

ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ በሚያድርበት ዘመን ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ላለ አንድ የግንባታ ድርጅት፣ የሥራ አስኪያጁ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ፣ ዩኒክስ የሚባለውን የሌላ ሥርዓት ትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም ጫንኩ። በማግስቱ በጠዋት ተጠራሁ፤ ፕሮግራሙ ፋይላቸውን አላገኝም ብሏል፤ የጨረታው ሰነድ ደግሞ ከምሳ በፊት መግባት አለበት።

ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ግዛው፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ቢሮው ቀጥ የሚልላቸው ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጸሐፊያቸው እትዬ አበበች በኢንጂነሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

ፕሮግራሙ የባለቤቱን ፋይል የሚፈልገው በተጠቃሚው ስም ነው። እኔ «ግዛው» ብዬ ሞልቼለታለሁ። ለማንኛውም ብዬ ዊንዶውሱ የሚያውቀውን የተጠቃሚ ስም ብጠይቀው «ማሙሽ» አለኝ።

«እትዬ አበበች፣ ማሙሽ ማነው?»

«አቦን! እዚህ ቤት ማሙሽ የሚባል የለም።»

ሒሳብ ሠራተኛዋ መጣች፤ አታውቀውም። ሹፌሩ መጣና «ሌባ ነዋ!» ብሎ ፈረደ። ዘበኛው ተጠርቶ ሌሊት ማንን እንዳስገባ ቢጠየቅ፣ ምስኪን፣ በልጆቹ ማለ።

በዚህ መሃል ኢንጂነሩ ከተፍ አሉ።

«ኢንጂነር፣ ማሙሽ የሚባል ሰው ኮምፒውተርዎ ውስጥ ገብቷል። ላጥፋው?»

«ተው! እንዳትነካው!»

ሁሉንም አስወጥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣

«እህቴ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ስትከፍትልኝ የቤት ስሜን ጽፋው ነው። ድምፅህን ቀንስ፤ ማሙሽ እኔ ነኝ» አሉኝ።