የአባባ ጠጠሮች

እህቴ ከመንዝ ደውላ "አባባ አረፉ" ስትለኝ፣ ከጸሎት በፊት ያመለጠኝ ቃል "ገብሱስ ታጨደ?" የሚል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"ገና ነው። የእሳቸው ተራ መቼ ቀድሞ ያውቃል?" አለችኝ።

የመንደራችንን የአጨዳ ደቦ ተራ በጠጠር እየደረደሩ የሚያወጡት አያቴ አባባ ነበሩ። ገብሱ ባንዴ ይደርሳል፣ በረዶ ያሰጋል፣ ከበዓላቱ የሚተርፈው የሥራ ቀን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ባል የሞተባትን ያስቀድሙና የራሳቸውን ጠጠር ከመጨረሻ ያኖራሉ። አንድ ዓመት በረዶ ማሳቸውን ሲያወድመው ሚስታቸው እማማ ተቆጡ።

"አንቺ እኔ አለሁልሽ፤ እሷ ማን አላት?" አሏቸው።

እኔ አዋሳ ሆኜ፣ በረዶ ጥሎ ይሆን እያልኩ ስነሳ ስቀመጥ እውላለሁ። በቀብራቸው የነበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እባካችሁ ጠጠሮቹን እንደገና ደርድሩ። ዘንድሮ ባል የሞተባቸው እማማ ናቸው።