ቀዩ ምልክት የታጠበ ዕለት

የሞተሩን የፊት ክዳን ስከፍት ያረጀ ጎማ፣ የቆየ ዘይትና የራዲያተር ውኃ የተቀላቀለበት ሽታ ፊቴን መታኝ። ፍኖተ ሰላም፣ ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር፣ ካርቶን አንጥፌ ተንበርክኬአለሁ። የመኪናችን ታይሚንግ ቺንጋ፣ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል እንዲዞሩ የሚያስተሳስረው ያ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ መቀየሪያ ጊዜው ደርሷል። ጋራዥ አምኜ አልሰጥም፤ የቆየ አመሌ ነው። ወገቤ ግን ከአመሌ ቀድሞ አረጀ። አንድ ብሎን እፈታና አርፋለሁ፤ ሌላ እፈታና ደግሞ አርፋለሁ። ከሥራ ዕረፍት የወጣችው ልጄ ማስተዋል ዱካ ላይ ተቀምጣ የምፈታውን ሁሉ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች።

«ምልክቱ እንዳይጠፋብዎ ብየ ነው፣ አባየ» አለችኝ።

ሽታውና ይህች ቃል ተባብረው ቡሬ አደረሱኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እትዬ ብርነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እትዬ ብርነሽ ባላቸው ሞቶባቸው ከሁለት ልጆችና ከአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ጋር የቀሩ ሴት ነበሩ። ሚኒባሷን ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እያመላለሰ ያን ቤት ያቆመው ስንሻው የሚባል ዝምተኛ ሾፌር ነው። በዕድሜ ይበልጠኝ ነበርና አያ ስንሻው ልለው ይገባኝ ነበር፤ አላልሁትም። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ግቢው ዳር እስከ ዳር በርበሬ ተሰጥቶበት ቀልቷል፣ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ይገባል፣ እያስነጠሰ ይወጣል፤ ጎረቤቶቻችን «ሚኒባሷም እኮ ጧት ስትነሣ ታስነጥሳለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እኔ የቤተ ክህነት ትምህርቴን አቋርጬ የመጣሁ ሰው ነበርሁ። ከዚያ የተረፈኝ የእጅ ጽሕፈትና በጠርሙስ የያዝሁት ቀይ ቀለም ነው። ሞተርን የተማርሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ለመጨረስ አንድ ዐቢይ ጾም ፈጅቶብኛል። ግቢው ግን «የተማረ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አመንኋቸው።

የሚኒባሷ ቺንጋ ተሰነጣጥቆ ስናገኘው እኔ እቀይረዋለሁ አልሁ። ከመፍታቴ በፊት ጥርሶቹ የሚገጥሙበትን ቦታ በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ፣ በመቃ ብዕሬ ቀይ ነጥብ አደረግሁበት። ብራና ላይ የቅዱሳን ስም የሚጻፈው በቀይ ነው፤ የማይጠፋ ነገር በቀይ ይጻፋል ብዬ አደግሁ። የብራና ቀለም ውኃ እንደማይችል ግን የማውቀው እኔው ነበርሁ። የውኃ ፓምፑን ስፈታ የራዲያተሩ ውኃ ዱብ ብሎ ወረደ፤ ብረቱን አጥቦ ቀልቶ መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

ባልዲ ይዞ ከአጠገቤ ቆሞ የነበረው ስንሻው ነው ያየው።

«ወንድምዓለም፣ ቀዩ ወረደ እኮ» አለኝ።

«አይቻለሁ» አልሁ። አላየሁም ነበር።

«እንግዲያ ፍኖተ ሰላም ድረስ በገመድ ላስጎትታት። የሚያውቅ ሰው ይያት።»

«አንተ መሪህን ያዝ፤ ሞተር በመሪ አይታወቅም» አልሁት።

በርበሬ የሚያገላብጡት ሴቶች ሳቁ። ሳቃቸው ጣፈጠኝ።

አዲሱን ቺንጋ በግምት ገጠምሁት። ቁልፍ ከመንካት በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ጊዜ አዙሩ የሚለውን መስመር አንብቤዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ነገር ግን ሰው ከብቦኝ ቆሟል፣ በእጅ ማዞር መጠራጠር መሰለኝ። ስንሻውን «አስነሣት» አልሁት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ቁልፉን አዞረ። ከውስጥ ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ዝም አለች። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቮች ተጣመው ቀሩ።

እትዬ ብርነሽ ከማድ ቤት ሮጠው ወጡ። «ስንሻው፣ ምን አረግሃት?»

«እትዬ፣ ምልክቱ ታጥቦ ነበር» አለ።

ወደ እኔ ዞሩ። መጽሐፉን ከፈትሁ፤ ያቺኑ ያሰመርሁባትን መስመር፣ በእጅ አዙሩ የምትለውን፣ በጣቴ እያመለከትሁ፣ «ቁልፉ በኃይል ከተያዘ ሞተሩ ይሰበራል ይላል፣ ይኸው» አልኋቸው። እትዬ ፊደል አይለዩም፤ እንኳን የእንግሊዝን።

«መጽሐፍ ሊዋሽ ነው ታዲያ?» አሉት ስንሻውን።

ቁልፉን በርበሬው ዳር አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቡሬ ውስጥ መኪና አምኖ የሰጠው ሰው አልነበረም። ደምበጫ አካባቢ የቀን ሥራ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያም በላይ አልጠየቅሁም። ሚኒባሷ ጎማዋ እስኪበሰብስ እዚያው ቆማ ዶሮ ዐደረባት።

አግብቼ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ፣ ልጆች ወለድሁ፣ በጥብቅ ሥርዓት አሳደግሁ። ውሸት ከቤቴ እንዳይገባ ስል ብዙ ጮኼአለሁ፣ አንዳንዴም መትቻለሁ። አንድ ልጅ ሲቸኩል ወይም ዕቃ ሲሰብር የምነግራቸው ታሪክ ነበረኝ፤ ቁልፉን በኃይል ይዞ የአንዲት መበለት መኪና ስለ ሰበረ፣ ስንሻው ስለሚባል ሾፌር። ደጋግሜ ከመንገሬ የተነሣ እኔም ወደ ማመን ደርሼ ነበር።

አዲሱን ቺንጋ ገጥሜ ሞተሩን በእጄ ሁለት ጊዜ አዞርሁት፤ ያለ እንከን ዞረ። ቁልፉን ለማስተዋል ሰጠኋት። እየሳቀች ገባች፤ «አይዞዎ አባየ፣ እንደ ስንሻው አላረገውም!»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥሁ። «ውረጂ» አልኋትና ሁሉንም ነገርኋት። ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ሲሄድ እያየሁ ነገርኋት። ላበጅላት የምችለው ሰበብ ነበረኝ፤ ወጣት ነበርሁ፣ ድኻ ነበርሁ። ደከመኝና ተውሁት።

«አሁን የት ነው ያለ?» አለች።

«አላውቅም።»

«ለምን አልጠየቁም?»

እትዬ ብርነሽ ዐርፈዋል፤ ግቢያቸው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ በርበሬው የሚሰጣበት ቦታ የቱ ጋ እንደነበር ስሄድ ይጠፋብኛል። እትዬና የግቢው ሰዎች የሰጡኝን ከበሬታ ይዤ አረጀሁ፤ እውነቱን ብነግራቸው የሚመልሱልኝን ፊት ግን ሳላየው ቀረሁ። ከሁሉ በላይ ያጣሁት ያንን ፊት ይመስለኛል።

ማስተዋል ቁልፉን እጄ ላይ መልሳ፣ «ናሁሰናይም እኮ የስንሻውን ታሪክ ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል» አለች። ናሁሰናይ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ደምበጫ መምህር ነው። «ልጆቹ የሚቸኩለውን 'ስንሻው' እያሉ ይሰድቡታል አለኝ።»

ደምበጫ። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ከዚያ ክፍል ተቀምጦ ይሆናል።

ስልኳን ተቀበልኋትና ደወልሁ። እጄ ዘይት በዘይት ነበር።

«ክፍል ውስጥ ነኝ አባየ፣ በኋላ ልደውል?» አለ ናሁሰናይ፤ ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«አትውጣ» አልሁት። «ልጆቹም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው።»