የሚኤሶ ገመዶች

ጭሮ ተቀምጬ ስለ አዲስ አበባ ሠዓሊዎች እጽፋለሁ። ሥራዬን የጠየቀኝ ሁሉ «እንዴት ይሆናል?» ይለኛል፤ እኔም መልሱን በደንብ አላውቀውም። ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም። አንዱ መጽሔት «አውደ ርዕዩን አይተሽ ጻፊልን» ሲለኝ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ አይቼ እመለሳለሁ፤ በመንገድ ላይ እጽፋለሁ። ክረምት ሲመጣ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ። አዲስ አበባ ስሆን ልቤ ክፍል ውስጥ ነው። ጭሮ ስሆን ደግሞ የሆነ ነገር ሳላየው ሊያልፈኝ ነው እያልኩ እቅበጠበጣለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች።

ከሠልጣኞቼ አንዷ ከሚኤሶ የመጣች መምህርት ነበረች። ዕድሜያችን ይቀራረባል፤ አስተማሪዋ ስለሆንኩ ብቻ አንቱ ማለቷን አልተወችም። ለማጠቃለያው «ከቤታችሁ በምታገኙት ነገር አንድ ሥራ ሥሩ» ብዬ አዘዝኩ። ብዙዎቹ ቆርኪና ካርቶን ይዘው መጡ። እሷ አሮጌ የከብት ገመድ የታጨቀበት ማዳበሪያ እየጎተተች ገባች። ገመዶቹን አንድ በአንድ ከጣሪያው አንጠለጠለቻቸው፤ ማነቂያቸው የላም አንገት በሚደርስበት ከፍታ ላይ አረፈ።

«ምንድን ናቸው?» አልኳት።

«በድርቁ ያለቁብን ናቸው፣ መምህር» አለችኝ።

ከቦኬ ወረዳ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። በኋላ ሳየው ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ስለ ሥራው ጻፍኩ፤ ከፎቶው ጋር ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ጋለሪ ተደወለልኝ። በመሬት ጉዳይ ላይ የጋራ አውደ ርዕይ እያዘጋጁ ነበርና ገመዶቹን ፈለጓቸው። የአውደ ርዕዩን መግቢያ ጽሑፍም እኔ እንድጽፈው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ደርሶኝ አያውቅም። ከደስታዬ ብዛት የገመዶቹን ባለቤት ሳልጠይቅ «እሺ» አልኩ።

ሚኤሶ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለኝ። መምህርቷ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። ገመዶቹ ደግሞ የአማትየዋ ናቸው። አሮጊቷ በኦሮምኛ የምለውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። «ዝናብ ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ ጊደር እንገዛለን። ያኔ በምን ልናስራት ነው?»

«አዲስ ገመድ ይገዛልዎታል፣ አዴ።»

«ይኼኛው ቤታችንን ያውቃል።»

ነገሩ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ይኼኔ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰምቻት የማላውቀዋ መምህርት ብድግ አለች። «ሰቀልኩት፣ አወረድኩት፣ መልሼ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት! አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ቢያየው ምን አለበት?»

አማትየዋ ምራታቸውን ትክ ብለው አዩአት። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

«የኛን አልሰጥም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ከብት ማርባቱን የተዉ ሰዎች አሉ። ሱቅ የከፈተ አለ፤ ሾፌር የሆነ አለ። አሮጌ ገመድ ምን ያደርግላቸዋል? አዲስ ስጧቸውና አሮጌውን ተቀበሏቸው።» ይህን ብለው ከዘራቸውን አንስተው ራሳቸው ቀደሙን።

እንዲህ ሆነና ገበያ ገብተን አዲስ ገመድ ገዛን፤ ከዚያም በየቤቱ ዞርን። አንድ ባለሱቅ አሮጌውን ከጓዳ አውጥቶ ወረወረልን፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈውም። አንዲት ሴት ልንለምን የመጣን መስሏት በሩን ዘጋችብን። አንድ ሽማግሌ አዲሱን በአንድ እጃቸው፣ አሮጌውን በሌላው እጃቸው ይዘው ስለሞተችባቸው ላም ያወሩን ጀመር። አውርተው ሲጨርሱም አንዱንም አለቀቁም። ሻያችንን ጠጥተን ሁለቱንም ትተንላቸው ወጣን። በዚህ ሁሉ መሀል ስልኬ ይጮሃል። «መቼ ይደርሳል?» ይላሉ ከጋለሪው። እኔም ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልቱ ዳር፣ ከቆሙት ከባድ መኪኖች አጠገብ እንጎራደዳለሁ፤ መልስ ሰጥቼ ስመለስ አሮጊቷ ሌላ ቤት ገብተው አገኛቸዋለሁ።

ገመዱ ሞላ። አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ትምህርት ቤቷ ተተኪ ካላመጣች አዲስ አበባ እንድትሄድ ፈቃድ አልሰጥም አለ። ገመዱን መስቀል የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

«እኔ አስተምርልሻለሁ» አልኳት።

«መክፈቻውስ፣ መምህር? እርስዎ ካልተገኙ...»

«ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

የጻፍኩት ጽሑፍ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እኔ ሚኤሶ አራተኛ ክፍል ቀረሁ። ልጆቹ የጭሮ ኦሮምኛዬን ሰምተው ይስቁብኛል። በመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ አማትየዋ ቤት ሄጄ ስልኬን ይዤ አንዴ እቀመጣለሁ፣ አንዴ እነሳለሁ። የግመል ወተት ሰጡኝ፤ ሳልቀምሰው አጠገቤ አስቀመጥኩት። ፎቶዎቹ መጡ፤ ግን ግማሻቸው ተከፍቶ ሌላው ግማሽ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የአንድ የማውቀው ሠዓሊ ጫማ ታየኝ፤ ጣሪያ ታየኝ። እዚያ አለመኖሬ አንገበገበኝ። ቀናሁም፤ በማን እንደቀናሁ ግን አላወቅኩም።

አመሻሹ ላይ ደወለች። «መምህር፣ ስለ ሥራው ተናገሪ አሉኝ። በአማርኛ ጀመርኩና ጠፋብኝ፣ በኦሮምኛ ጨረስኩት። አጨበጨቡልኝ!» ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አማትየዋ ስልኩን ተቀበሉኝና ምን እንደበላች፣ የት እንደምታድር፣ ቤቱ ቁልፍ እንዳለው ጠየቋት።

«ጥጃ ይመስል እዚያ አስረው አስቀሯት እንዴ?» አሉኝ ስልኩን ሲመልሱልኝ። «ከሰዎች ጋር ለመነጋገር ትንሽ ልቆይ አለችኝ።»

ለእኔም ያንኑ መልእክት ላከችልኝ፤ ሌላ ሳምንት እንድተካት እየለመነች። እኔ ደግሞ ለመጽሔቱ የማደርሰው ጽሑፍ ነበረኝ፤ ሐረር ላይ የማየው ሥራም ይጠብቀኛል። እግሬ አስፋልቱን ተመኘ። ቢሆንም «እሺ፣ ቆዪ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ላክሁት።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ልጆቹ ግመል እንድስልላቸው ጠየቁኝ። ጠመኔ አንስቼ ሳልኩላቸው። እግሯን ሳላሳጥረው አልቀረሁም፤ ከኋላ ያሉት ሳቁብኝ። አንዲት ልጅ ወደ ሰሌዳው መጥታ ጠመኔውን ከእጄ ወስዳ የግመሏን እግር ማስረዘም ጀመረች።