ኮሎኔሏና የካምፑ ውሃ

እህቴ አንሶላ ስታጥፍ ማየት ደስ ይለኛል። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣቷ ይዛ አንዴ ታራግፋለች፤ ጠርዙን በጠርዙ ላይ ታሳርፍና በመዳፏ ከመሃል ወደ ዳር ትዳብሰዋለች። ሲያልቅ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የወታደር ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ የለመደችው ነው። ዛሬም የዳቦ ላስቲክ ሳይቀር እንደዚያው አጥፋ ነው የምታስቀምጠው። ኮሌታውን አቆሽሾ የመጣን መኮንን ሁሉ ትቆጣ ስለነበር ወታደሮቹ «ኮሎኔሏ» አሏት። ስሙ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም።

ጦሩ ካምፑን ለቆ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እኛ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ቀረን። ባለፈው ዓመት ካምፑ መኖሪያ ቤት ሊሆን ነው ተባለና አንዲት መሐንዲስ መጣች። ቀጭን፣ ጫማዋ አቧራ የማያጣው፣ ሰው ሲናገር አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትሰማ ልጅ ናት። አሮጌዎቹን ቤቶች ላፍርስ አላለችም። «ይሄ ግድግዳ ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ በሙቀት ያቀዘቅዛል፣ በብርድ ያሞቃል። ምን አድርጎኝ ነው የማፈርሰው?» ትላለች። የወደቀው የፈረስ ጋጣ ጡብ አንድ በአንድ እየተፋቀ ለአዲሱ ደረጃ ዋለ። መብራቱ ከፀሐይ ይሆናል። ያስቸገራት ውሃው ብቻ ነበር። የከተማው ቧንቧ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ለአርባ ሁለት ቤተሰብ የሚበቃ የዝናብ ውሃ የት እንደምታጠራቅም ጨነቃት።

አንድ ሰኞ የግንባታው ፎርማን እህቴ ትሠራበት የነበረውን የማጠቢያ ቤት ወለል በብረት ዘንግ ቢመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው» አለ። «ሐሙስ በአርማታ እንደፍነዋለን።»

እህቴ ይህን ሰምታ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ በኋላ የደረስኩበትን እዚህ ላይ ልናገር። ከወለሉ ሥር ካምፑን የሠሩት ሰዎች በድንጋይ የገነቡት ሰፊ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ጠላት እንዳይመርዘው ተብሎ በየትኛውም ፕላን ላይ አልተሳለም። እህቴ ሥራ በገባች ቀን ሃምሳ አለቃው ክዳኑን አሳያትና «ስለዚህ ውሃ ለሲቪል አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፤ ትእዛዝ ነው» አላት። አልተነፈሰችም። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ለእኔም አልነገረችኝ። ቧንቧ ሲጠፋ ባልዲ ሞልታ ትመጣለች፤ «ከየት አመጣሽው?» ስላት «ከሥራ ቦታ» ትለኛለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሃምሳ አለቃው ሞቷል፣ ጦሩም ሄዷል። ትእዛዙን ግን ማንም አላነሳላትም።

ማክሰኞ ጠዋት የክት ቀሚሷን ለብሳ «ሻምበሉ ቤት አድርሺኝ» አለችኝ። ከካምፑ መኮንኖች በከተማው ውስጥ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ደረስን። በሩን የከፈተችልን ልጃቸው «አባባ ሰው እየረሱ ነው፤ ትናንት እኔንም ማነሽ አሉኝ» አለችን። ሻምበሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሹራባቸው ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። እህቴ ሰላምታም ሳትሰጥ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ፈትታ ቆለፈችላቸው። ዝም ብለው አስጨረሷትና «ኮሌታዬ ንጹሕ ነው» አሏት። አወቋት ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ ስለ ውሃው ለመናገር ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሐሙስ ሊደፍኑት ነው።»

ሻምበሉ ቀና አሉ። እኔን አዩኝ፣ ልጃቸውን አዩ።

«የምን ውሃ?»

«የማጠቢያ ቤቱ፣ ጌታዬ።»

«እዚያ ውሃ የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህን ወሬ ማነው የሚያስወራው?»

ልጃቸው ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም፤ ተረከዟን ገጥማ ቆማለች። ልንወጣ ስንል እጅጌዋን ይዘው «ያወራውን ሰው አጣርተሽ ሪፖርት አድርጊልኝ» አሏት።

«እሺ፣ ጌታዬ።»

በአውቶቡስ ስንመለስ «ልጃቸውን ረስተው ውሃውን አልረሱም» አልኳት።

«ቃል ነዋ።»

«እንግዲያው እኔ ልናገር፣ እትዬ። እኔን ያዘዘኝ የለም።»

«አንቺ ከማን ሰማሽ? ከእኔ። ያው ነው» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስክንደርስ እጇ ጉልበቷ ላይ የአውቶቡስ ትኬቱን ሲያጥፍ ነበር።

ረቡዕ ዕለት መሐንዲሷን ጠርታ «ልጄ፣ አንድ ከባድ ነገር ታነሺልኛለሽ?» አለቻት። ማጠቢያ ቤት ወስዳት ከኪሷ በጨርቅ የተጠቀለለ የብረት ቀለበት አወጣችና ከግድግዳው ሲቆጠር አምስተኛ በሆነው የወለል ድንጋይ ላይ ጠምዝዛ አስገባችው።

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

መልስ የለም።

«ተቀየሙኝ እንዴ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችና አፏን በመዳፏ ያዘች። በሌላው እጇ ቀለበቱን አመለከተቻት። እኔም ተጨምሬ ሦስታችን ተጋግዘን ሳብን። ድንጋዩ ሲነሳ ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን ነካው። ልጅቷ በደረቷ ተኝታ የስልኳን መብራት ወደ ታች ያዘች። የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ውሃው ዝም ብሏል። «ወይ ጉድ» አለች በቀስታ፤ ድምፅዋ ከታች ተመለሰላት። ስትነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ያውቁ ነበር?»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለች እህቴ። «ልብ በይ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም።»

«አልወጣዎትም፤ እኔ ምስክር ነኝ።»

ሐሙስ የመጣው የአርማታ መኪና እንደተጫነ ተመለሰ። አሁን የየጣሪያው አሸንዳ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ፎርማኑም እህቴን ባገኘ ቁጥር «ኮሎኔሏ፣ ሌላ የደበቁን ነገር አለ?» ይላታል። ለእኛ ምድር ቤት ሁለት ክፍል ደርሶናል፤ መስኮቱ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ያያል።

ለሻምበሉ የሚደርሰው ሪፖርት ግን አራት ወር አለፈው።

«ማነው ያወራው ሲሉኝ ምን እላለሁ?» ትላለች።

«እኔ ነኝ በያቸው፤ ይስቃሉ።»

«አይስቁም። ይከፋቸዋል።»

ትናንት ቆርጣ ተነሳች። ቀሚሷን ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ እስከ ትልቁ በር ሄደች። ዝናብ ጀመረ። አሸንዳው ሥር ቆማ ውሃው ሲወርድ ስታዳምጥ አውቶቡሱ መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ።