የሙላት መኪና እህት ሽንዲ አለች

ከፍኖተ ሰላም ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን፤ እኔና ሙላት። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሙላት ደግሞ የአንዲት አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ባለቤትና ሾፌር። ሽንዲ ድረስ የምንሄደው የሰው መኪና ፍሬን ከፍተን ለማየት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ለለቅሶ ጅጋ በሄድኩበት ሙላት መጠበቅ አቅቶት የኋላውን ፍሬን ራሱ ፈታታው። አንዱን ጎን ብቻ ቢፈታ ችግር አልነበረም፤ ያልተነካውን እያየን እንገጥመው ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም ፈትቶ፣ እየታሸ ጎማውን የሚያቆመውን ሸራውንም ሞላውንም አንድ ሳፋ ውስጥ በላምባ አጥቦ፣ አሳምሮ ደርድሮ ጠበቀኝ። ሸራዎቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው፤ ሞላዎቹም አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ላላ ያለ። የቱ ከፊት እንደሚሆን፣ የቱ ከኋላ፣ የሚያውቅ ጠፋ።

«በግምት ግጠመው» አለኝ።

«ቁልቁለት ላይ ግምት ሰው ይገድላል» አልኩት፤ ተናድጄ ነበር።

ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች መኪናዋን ሊወስዱ ይመላለሱ ጀመር። ሙላት ከእሷ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። እህቷ የምትሆን፣ ያው የእሷው ዓይነት መኪና ሽንዲ እንዳለች ሾፌሮች ነገሩን። ፎቶ ይላኩልን እንዳንል ታምቡሩን፣ ማለትም ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ የሚነቅል መሣሪያ እዚያ የለም። መንቀያውም ሞላ መሳቢያውም ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ቡሬ ሳንደርስ ኬላ ላይ ተፈተሽን። ፈታሹ ከቦርሳዬ እጀታው ረጅም፣ ጫፉ የተቆለመመ ብረት አወጣ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የፍሬን ሞላ መሳቢያ ነው።»

ሙላት ቀበል አድርጎ፣ «እኔንም ሽንዲ ድረስ እየሳበኝ ነው» አለ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ ፈታሹም እየሳቀ መለሰልኝ።

ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ሽሮ በላን። የቡሬ በርበሬ አይቻልም፤ ሙላት ዕንባውን እየጠረገ ጨረሰው። ከዚያ ወደ ሽንዲ በሚኒባስ ተሳፈርን፤ ሙላት ታሪፉ በዛ ብሎ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ መንገዱ አጠረልኝ። አቧራው ጉድ ነው። በየደጁ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ በቆሎው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል።

ሽንዲ

የመኪናዋ ባለቤት አያ ጫኔ ነገራችንን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ በርበሬ ጭኘ ቡሬ እሄዳለሁ። ደኅና ያለችን መኪና ምን አስከፈተኝ ልጀ? እንደዚህ ሰውየ ሳፋ ውስጥ ብታስቀሩብኝስ?»

«አንዱን ጎን ብቻ ነው አያ፤ ሌላውን አንነካም» አልኳቸው።

ባለቤታቸው እቴ የሺ ከበርበሬው ለቀማ ቀና አሉ። «ነገ ከጎንዎ የምቀመጥ እኔ አይዶለሁም? ይክፈቱትና ይዩት እንጅ!»

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን፣ በክሪክ አንስተን፣ አንዱን ጎማ አወጣን። መንቀያውን አስይዤ በዝግታ ሳጠብቀው ታምቡሩ ወጣ። ረጅሙ ሸራ ከፊት፣ ጠንካራው ሞላ ከላይ! በግምት ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የማደርገው። ሙላት ፎቶ በፎቶ ላይ አነሣ።

ከኋላ ያለውንም ለማየት ሞላውን በመሳቢያው ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ሰበራችሁብኝ!» አሉ አያ ጫኔ።

እውነትም የሰበርኩት መሰለኝ። ስብራቱን ጠርጌ ወደ ፀሐይ ሳዞረው ግን ዝገት በልቶት ኖሯል፤ አዲስ ሆኖ የሚያብለጨልጨው የክር ያህል ብቻ ነው። ለእሳቸው ሰጠኋቸው። እንዲህ ያለ ሞላ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ሸራው ታምቡሩ ውስጥ ተወትፎ ጎማውን ሊቆልፈው እንደሚችል ነገርኳቸው። ሾፌር ናቸው፤ ቁልቁለት ላይ ያ ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«በዚች ነበር ነገ የምወርድ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሙላት ለማመሳከር የያዘውን የራሱን ሞላ ከኪሱ አወጣ። የእሱ መኪና ሞላ እንደሚጎድላት ያውቃል፤ ብረት ገዢዎቹም ፍኖተ ሰላም እየጠበቁት ነው። «እንኩ አያ» አላቸው። ያንን ገጥሜ ስጨርስ ሌላኛውም ጎን ይከፈት ብለው የያዙኝ ራሳቸው አያ ጫኔ ናቸው። ያኛው ደኅና ነበር።

መልስ

በማግስቱ በዚያችው መኪና ተመለስን። እኔ ከእቴ የሺ ጎን፣ ሙላት ከላይ በርበሬው ላይ ሆኖ እያስነጠሰ። ወደ አንድ ወንዝ ስንወርድ ከቁልቁለቱ ግርጌ ከብት መንገዱን ሞልቶታል። አያ ጫኔ ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። እቴ የሺ ጨምድደው ይዘውት የነበረውን መቀነታቸውን ለቀቁና፣ «ተመስገን» አሉ። እኔም አብሬ «ተመስገን» አልኩ።

ከቡሬ በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ስንገባ ሙላት ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ብረት ገዢዎቹ ሄደ። መኪናዋን ሊሸጥላቸው የመጣ መስሏቸው ደስ አላቸው። እሱ ግን ክምራቸውን ሲያገላብጥ ውሎ ልክ የምትሆን ሞላ ይዞ ወጣ። ያለ ዋጋ ሰጡት። ፎቶውን እያየሁ ገጠምኩት፤ መኪናዋ ዛሬ ትሠራለች።

እኔ አንዱን ጎን ስከፍት ሌላውን እንዳልነካ ድሮም አውቃለሁ። ለሙላትም ይህንኑ ደጋግሜ እመክረዋለሁ። እሱም ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፦ «ሁለቱንም ባልፈታ ኖሮ ሽንዲ ማን ይሄድ ነበር? እቴ የሺስ ዛሬ የት ነበሩ?»