ቲቸር ኔክስት ዝም ያሉ ቀን

በ2001 ዓ.ም ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካዛንቺስ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝን መምህር አገኘኋቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ተማሪ ማግኘት ነበረባቸው፤ ትምህርት ቤት ግን ዝግ ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ከዚህ የሚበልጡ ብዙ ነገሮች አይቻለሁ። አብዛኞቹን ለማስታወስ የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን መግለጥ አለብኝ። ይሄኛው ደብተር አያስፈልገውም።

የገባሁት ዝናብ አባሮኝ ነው። ቤቱ ውስጥ አምስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አራቱ ላይ ሰው ተቀምጧል። አምስተኛው የባለቤቷ የሰብለ ነው። ከጎኗ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ።

«ወረቀት መስሎኝ እኮ ነው» አሉ። «ሰብልዬ፣ አንቺም አላየሽውም?»

«ቲቸር፣ እኔ የሰጡኝን ነው የምተይበው።»

ከፊታቸው በፊት ድምፃቸውን አወቅኩት። ቂርቆስ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን «ቲቸር ኔክስት» ነበር የምንላቸው። ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ጣታቸውን ያጮሃሉ፣ «ኔክስት!» ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ። እኔ በልጅነቴ ንግግር ስጀምር ምላሴ ትንሽ ይያያዝ ነበር። መልሱን እያወቅኩ ዓመቱን ሙሉ ታልፌያለሁ።

ጉዳዩን ሰብለ ነገረችኝ። የሚያስተምሩበት የግል ትምህርት ቤት፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ጨርሶ የምስክር ወረቀት ያላመጣ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል አይገባም ብሏል። እሳቸውን ቤተ መጻሕፍት ሊያስቀምጧቸው ነው። ሦስት ወር ሙሉ መልሳቸውን በእጃቸው እየጻፉ አምጥተዋል፣ እሷ ተይባ ልካለች። ለመጨረሻው የቤት ሥራ ስምንት ገጽ የትምህርት ዕቅድ ጽፈው ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ተመለሰባቸው። የተጠየቀው ዕቅድ ሳይሆን፣ ከተማሪዎች ጋር ሲያስተምሩ የተቀዳ ድምፅ ነው። የሚላክበት ገጽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«መቅረጫ አለኝ» አልኩና ከቦርሳዬ አወጣሁት።

«እግዜር ይስጥህ። ተማሪውንስ ከየት ላምጣው?»

ሰብለ ቤቱን ዞር ብላ አየች። «ይኸው አራት አሉ።»

አንደኛው ከድር ይባላል፤ ሜክሲኮ አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ስላዘዘው ዕቃ በኢሜይል ደብዳቤ የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። ሁለቱ ቻት ላይ የነበሩ የኮሌጅ ሴት ልጆች ናቸው። አራተኛው ሥራ ማመልከቻ የሚሞላ ወጣት ነበር።

«ሰባተኛ ላይ ያቋረጥኩትን ዛሬ ልታስጨርሱኝ ነው?» አለ ከድር።

«ምን አለበት ከድርዬ፣ ዩኒፎርም አትጠየቅም» አለችው አንደኛዋ ልጅ።

ወንበሮቹን አዞርን። ሰብለ መመሪያውን አነበበችላቸው። «ጥያቄ ጠይቀው ይጠብቁ ነው የሚለው። ከዚያ እርስ በርሳቸው ያውሩ።»

«ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?»

«እሱን አይልም።»

መቅረጫውን ከፈትኩ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ እንደምን ዋላችሁ አሉ። አራቱም ከወንበራቸው ብድግ ብለው እንደ ሕፃን በዜማ «ጉድ አፍተርኑን ቲቸር!» አሉ። ከድር ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር።

«ተቀመጡ! ኧረ አትነሱብኝ፣ አሠልጣኞቹ ይሄን አይወዱም!»

ስቀን አጠፋነውና እንደገና ጀመርን።

ትምህርቱ ስላለፈ ጊዜ ማውራት ነበር። ትንሽ አስረድተው ወደ ከድር ዞሩና ባለፈው እሑድ ምን እንዳደረገ በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ከድር አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። የመምህሩ ቀኝ እጅ ከፍ አለ፣ አውራ ጣትና መሐል ጣት ተጋጠሙ። ቃሉ ሊመጣ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ታች መለሱና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እዚያው አቆዩት።

ከድር መለሰ። ቡታጅራ እህቱን ሊድር ሄዶ ነበር። የተናገረው እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ሙሽራዋም፣ መንገድ ላይ የፈነዳው ጎማም፣ ዘግይቶ መድረሱም ተሰማ። ማንም ሳያዛት አንደኛዋ ልጅ በእንግሊዝኛ «እህትህ ተቆጣችህ?» አለችው። ወጣቱ ጎማውን ማን እንደቀየረ ጠየቀ። እሳቸው ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገሩም።

መላክ ስንጀምር አሥር ሰዓት ከአምስት ነበር። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሄዶ ገና አሥር በመቶ።

«ይቅርታ፣ ሁላችሁም ዝጉልኝ» አለች ሰብለ። «መስመሩን ለቲቸር እንልቀቅላቸው።»

ልጆቹ ቻታቸውን ዘጉ። ወጣቱ ማመልከቻውን ለነገ አሳደረ። ከድር የሚጠብቀው ደብዳቤ ሳይመጣ ተነሳ። ማንም ግን አልወጣም። አንድ ስክሪን ከበን ቁጥሩ ሲጨምር እያየን ቆየን። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ መድረሱን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ከድር አጨበጨበ።

ዝናቡ አባርቶ በር ላይ ስንቆም ተማሪያቸው እንደነበርኩ ነገርኳቸው።

«ጎበዝ ነበርክ?»

«አላውቅም ቲቸር። አፌን ሳልከፍት ኔክስት ይሉኝ ነበር።»

መሬት መሬት አዩ። «ክፍሉ ሰባ ልጅ፣ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነበር» አሉ። «ዛሬ ግን አራት ብቻ ነበሩ» አሉና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ቂርቆስ ወረዱ።

መስከረም ላይ ሰብለን ጠየቅኳት፤ አልፈዋል፣ ክፍላቸውም ገብተዋል። ኢንተርኔት ቤቱ የነበረበት ሰፈር ዛሬ ፈርሷል። አሁን ፋይል በቅጽበት ይሄዳል፤ እኔ ግን ያን አንድ ስክሪን ከበን የቆምንበትን ከሰዓት እናፍቃለሁ። የቀዳሁትን ድምፅ አልደመሰስኩትም።

ባለፈው ሳምንት ሰዓት ይዤ አዳመጥኩት። ከመምህሩ ጥያቄ እስከ ከድር የመጀመሪያ ቃል ድረስ አሥራ አራት ሰከንድ ነው።