ዶቃ ሠሪዋ አልተፋም አለች

ወገኖቼ፣ ዛሬ እኔም ልመስክር። ጉልበቴ ደክሟል፤ ድምፄ ግን አልደከመም። አሜን ለማለት ካልሆነ አታቋርጡኝ።

እኔ የዶቃ ሠሪ ልጅ ነኝ። ሉማሜ ዙሪያ ሴቱ ሁሉ የሚያጌጥበት ዶቃ ከእኛ ምድጃ የወጣ ነበር። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ አስተማረ። ስባሪ ጠርሙስ እንወቅጣለን፤ ወናፍ እየነፋን በከሰል እናቀልጣለን። እንደ ማር ሲለጠጥ ጭቃ በተቀባ ቀጭን ብረት ላይ እንጠመጥመዋለን። ጭቃው ከሌለ ዶቃው ከብረቱ አይላቀቅም። ጣሊያን ሲገባማ ጠርሙስ በዛ! እሱ ወይኑን ጠጥቶ ይጥላል፣ እኛ ለቅመን እንደ ጤፍ ቡቃያ የለመለመ ዶቃ እናወጣለን። የእኔን ዶቃ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የሚለይ ሰው ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እጁን የሰጠኝ ጌታ ነው። ሃሌ ሉያ!

ግን ፍርድ ጎደለ። በእሳት የሚሠራ ሁሉ ቡዳ ነው ይሉናል፤ አብረውን አይበሉም። ያው ሰው ልጁን ከቡዳ እንዲጠብቅለት የእኛኑ ዶቃ ገዝቶ አንገቷ ላይ ያስራል! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? አባቴ የአርበኞችን ጠመንጃ ሲጠግን በጣሊያን ጥይት ወደቀ። ጠመንጃ ሲሰበር "ጌታዬ" ይሉት ነበር፤ ልጅ ሲታመም "ቡዳው"።

እሱ ሲሞት እኔ ምድጃው ላይ ተቀመጥሁ። ጫልቱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ጎረቤት ነበረችኝ፤ ከወለጋ የመጣች፣ ወንጌል የምታነብ። ስለ ኢየሱስ ስትነግረኝ "ወናፉን እየነፋሽልኝ አውሪ" እላታለሁ።

አንድ ገበያ ቀን ዶቃዬን ዘርግቼ ሳለ የእትዬ ዘነቡ ቤተ ሰዎች ደረሱብኝ። ልጃቸው ጥሩዬ በትኩሳት ወድቃ ትቃዣለች። በጢስ አጥነው "የበላሽ ማነው?" ቢሏት "ዶቃ ሠሪዋ" ብላለች። እትዬ ዘነቡ ራሳቸው ከፊት ሆነው "ቡዳዋ! ልጄን የበላች!" እያሉ በገበያው መካከል አስጎትተው ልጅቷ ወደተኛችበት ቤታቸው ወሰዱኝ።

"ተፊባት!" አለኝ የልጅቷ አጎት።

"ምን በወጣኝ!"

"ልጅቷ ብትሞት አንችም አታድሪም።"

ልማዱን ታውቃላችሁ፤ የበላው ቡዳ እንትፍ ካለበት ሕመምተኛው ይነሣል ይባላል። ብተፋ "አዎ፣ ቡዳ ነኝ" ማለቴ ነው፤ አባቴንም በመቃብሩ ቡዳ ማሰኘቴ ነው። ባልተፋ ሞት ነው። ልጅቷን አየኋት፤ አንገቷ ላይ የእኔው ዶቃ ታስሯል።

"እትዬ ዘነቡ፣" አልሁ፣ "ይህ እኮ የጣሊያን ጠርሙስ ነው። የጠጣውን ከአርበኛ ጥይት ያላዳነ ልጅዎን ያድናል?"

"በሞት ትቀልጃለሽ?" አሉኝ።

ጫልቱ ተከትላን መጥታ ኖሮ "አትትፊ፤ ጸልዪላት" አለችኝ።

"አንችው ጸልዪ!"

"የጠሩት አንችን ነው።"

ተንበረከክሁ። እጄን ግንባሯ ላይ ባደርግ ፈጀኝ፤ ከምድጃዬ ባሰ። "ኢየሱስ ሆይ፣ ቡዳ አለመሆኔን ታውቃለህ" ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ስለ ራሴ መሟገቱ ጠፋብኝ፤ "ይችን ልጅ አንሣት፣ ይችን ልጅ አንሣት" ብቻ አልሁ። ለጠላቶቼ ልጅ አለቀስሁ! እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣሁት? ከእሱ ነው እንጂ! ወዲያው ላብ አጠመቃት። ዓይኗን ገልጣ "እማ፣ ውኃ" አለች። ጌታ ይባረክ! ስሙ ይባረክ!

አጎትየው ፊቷን በጣቱ ዳሰሰ። "ይህ ምራቅ ነው እንዴ?"

"ላብ ነው፤ ካላመንህ ቅመሰው!"

እትዬ ዘነቡ እግሬ ላይ ወድቀው "ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ።

"ይቅር ብያለሁ" አልኋቸው። "ስሜን ያጠፉት ግን በገበያ ነው፤ በገበያ ይመልሱልኝ።"

መለሱልኝ! በሚቀጥለው ገበያ መካከል ቆመው "ስሙ! ዶቃ ሠሪዋ ቡዳ አይደለችም! አልተፋችም! ልጄን ያነሣት ኢየሱስ ነው!" ብለው ጮኹ። ወገኖቼ፣ በሉማሜ ገበያ ስሙን ሲያውጁ መጀመሪያ የሰማኋቸው እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው እንኳ ገና አላመኑም ነበር! ሃሌ ሉያ! እኔ ግን አመንሁ። ከዚያ ወዲያ "ለጌጥ ከሆነ ውሰዱ፤ ለቡዳ ከሆነ አልሸጥም" አልሁ። ግማሹ ገዢ ጥሎኝ ሄደ፤ ዶቃዬ ግን ያን ጊዜ ነው ያማረ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ወናፉን ይነፋሉ፤ ጌታን አመሰግናለሁ። ከእናንተም ከልብሱ ሥር ለቡዳ ብሎ ክር ያሰረ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ስም አልጠራም! ፍቱትና ኑ። በእጅ ሥራችሁ የተናቃችሁም ኑ። ጌታዬ አናጢ ነበር፤ እኛ አገር ቢወለድ እሱንም ቡዳ ባሉት ነበር! የተናቀ ሰው ምን እንደሚያመው ያውቃል። እመኑት።